ረጅም ፀጉር ያለው የእረኛ ውሻና ትንንሽ ልጆች፦ ተረከዝ መንከሱን እንዴት እናስተወው? ፀጉሩንስ እንላጨው?

የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ቤታችን አዲስ ውሻ ገብቷል። ኮሊ ነው፣ ያ ረጅም ፀጉር ያለው፣ አፍንጫው ሾጠጥ ያለ፣ አንገቱ ዙሪያ ነጭ ጎፈር ያለው ዓይነት። ወንድ ነው፣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ 30 ኪሎ ይሆናል። የቀድሞ ባለቤቶቹ ሌላ አገር ሊኖሩ ስለሄዱ ነው ለእኛ የሰጡን። ጠባዩ ወርቅ ነው። ምግቡን ብነካበት አይቆጣም፣ እንግዳ ሲመጣ ትንሽ ይጮህና ዝም ይላል፣ ማታ የሚተኛው ልጆቹ ክፍል በር ላይ ነው። እኔ ከልቤ ወድጄዋለሁ።

ችግሩ ልጆቹ ሲሮጡ ነው። ትልቋ 7 ዓመቷ ነው፣ ትንሹ 4። መሯሯጥ ሲጀምሩ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ትክ ብሎ ያያቸዋል፣ ከዚያ በሰፊው ዞሮ ይቀድማቸውና ወደ አንድ ጥግ ይሰበስባቸዋል። ትልቋ ትስቃለች። ትንሹ ግን አልሰበሰብም ብሎ ሲያመልጥ ተረከዙን በጥርሱ ቆንጠጥ ያደርገዋል። ቆዳው አልተቀደደም፣ ካልሲው ላይ ግን የጥርስ ምልክት አይቻለሁ፣ ልጁም እያለቀሰ ነው የገባው።

ባለቤቴ ተናካሽ ውሻ ከልጅ ጋር አይኖርም ይላል። እኔ ደግሞ ክፋት አይመስለኝም፣ አያጉረመርምም፣ ጥርሱንም አያሳይም። ሁለተኛው ነገር ፀጉሩ ነው። ምንጣፉ፣ አልጋው፣ የልጆቹ ልብስ ሁሉ ፀጉር ሆኗል። ከጆሮው ኋላ ደግሞ በጣት የማይፈታ ድድር ያለ ቋጠሮ አገኘሁ። ሙቀቱ እየመጣ ስለሆነ ባለቤቴ ሙሉ በሙሉ እንላጨውና እኛም እንገላገል፣ እሱም ቀለል ይበለው እያለ ነው። እውነት ይቀለዋል? እነዚህን ውሾች ያሳደጋችሁ እንዴት ነው የምትኖሩት? ሌላ ቤት እንዲሄድ አልፈልግም።

ኮሊ ወዳድ

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። የምትነግሪን ነገር ቁጣ አይደለም፣ ሥራ ነው። ይሄ ዘር ስኮትላንድ ውስጥ ለብዙ ትውልድ ሲመረጥ የኖረው በግ እንዲመልስ ነው። ትክ ብሎ ማየቱ፣ አድፍጦ መጠበቁ፣ ዞሮ መቅደሙ፣ አልመለስ ያለውን ተረከዙን ጠቅ ማድረጉ፣ ይሄ ሁሉ አዳኝ እንስሳ አደኑን ከሚጀምርበት መንገድ የመጣ ነው፤ እረኞቹ ማየቱንና ማባረሩን የሚወዱትን መግደሉን ግን የተዉትን እየመረጡ ነው ያራቡት። የሚሮጥና የሚጮህ ልጅ ያንን ነገር ይቀሰቅስበታል። ብስክሌትም ይቀሰቅስበታል፣ መኪናም። ስለዚህ የውጭ በራችሁ ክፍት እንዳይቀር፣ መኪና ለመመለስ ብሎ ወጥቶ የሚገጭ የእረኛ ውሻ ጥቂት አይደለም።

ክፋት የለውም ማለት ግን ይቀጥል ማለት አይደለም። 30 ኪሎ የሚመዝን ውሻ የ4 ዓመት ልጅ ሊጥል ይችላል፣ ሳያስበው። በዚያ ላይ ነገሩ እያደር ይጠነክራል፤ ተረከዙን ጠቅ ባደረገው ቁጥር ልጁ ይቆማል ወይም ይዞራል፣ ለውሻው ደግሞ ያቺ ደመወዙ ናት። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ድርጊቱን የሚደጋግምበትን አጋጣሚ ዝጊበት። ልጆቹ የሚሯሯጡ ከሆነ ውሻው ወይ ቤት ውስጥ ይሁን፣ ወይ በገመድ እጅሽ ላይ ይሁን፣ መሀል የለም። አትምቺው፣ አትጩሂበትም። ልጆቹ ባሉበት እየተመታ ያደገ ውሻ መጥፎ ነገር ከልጆች ጋር እንደሚመጣ ነው የሚማረው፣ ያኔ ነው እውነተኛ ንክሻ የሚመጣው።

አሁን ዋናው። ውሻሽን በቅርብ እዪው። ከመነሳቱ በፊት የሚሰጥሽ ምልክት አለ፤ እያለከለከ የነበረው አፉ ድንገት ይዘጋል፣ ጆሮው ወደ ፊት ይመጣል፣ ጀርባው ቀጥ ብሎ አንገቱ ይወርዳል፣ አንዳንዴ የፊት እግሩን አንስቶ ሳያሳርፈው ይቀራል። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። የሚሰማሽ በዚያች ሰዓት ብቻ ነው፣ አንዴ ከተፈተለከ በኋላ ስሙን ብትጠሪው በጆሮው አይገባም። ስለዚህ ትልቋ ራቅ ብላ በእርምጃ ትሂድ፣ አንቺ በገመድ ያዢው፣ አፉ ሲዘጋ ስሙን ጥሪ፣ ዓይኑን ነቅሎ ወደ አንቺ ባዞረበት ቅጽበት ቁራጭ ሥጋ ስጪው። በእርምጃ ሲለምደው በሶምሶማ፣ ከዚያ በሩጫ። ቸኩለሽ ደረጃ አትዝለይ። ሩጫው ላይ ከተበላሸ ወደ እርምጃው ተመለሺ፣ ምንም ነውር የለውም።

ሌላው ደግሞ ሥራ ስጪው። ጠዋትና ማታ ደህና የእግር ጉዞ ያስፈልገዋል፣ በድምሩ ከአንድ ሰዓት የማያንስ። ጉዞ ብቻውን ግን አይበቃም፣ የዚህ ውሻ ጭንቅላት ከእግሩ ይበልጣል። ምግቡን በሳህን ከመስጠት ግማሹን ቤት ውስጥ ደብቂና ፈልግ በዪው። የእኔዋ የልጆቹን መጫወቻ ከየቦታው ለቅማ ቅርጫት ውስጥ ትከታለች፣ አንድ በአንድ አስተምሬያት ነው፣ አሁን ማታ ማታ ቅርጫቱን ሳወጣ ከየሶፋው ሥር መፈለግ ትጀምራለች። መሰብሰብ የሚወድ ፍጡር የሚሰበስበው ነገር ካገኘ ልጆቹን ይተዋቸዋል ባልልሽም በጣም ይቀንሳል።

ማበጠሪያ

የውሻ ፀጉር መንከባከብ ሥራዬ ነው። ስለ ፀጉሩ እኔ ልመልስ። ኮሊ ከሆነ እባካችሁ አትላጩት።

ይሄ ውሻ ሁለት ፀጉር ነው ያለው። የላይኛው ረጅምና ሸከር ያለ ነው፣ ዝናብና ፀሐይ የሚመልሰው እሱ ነው። የታችኛው አጭር፣ ለስላሳና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ውሻ እንደ ሰው በገላው አያልብም። የሚያልበው በመዳፉ ሥር ብቻ ነው፣ ሙቀቱን በዋናነት የሚያወጣው በማለክለክ ነው። ስለዚህ ተላጨ ማለት ቀዘቀዘ ማለት አይደለም። እንዲያውም ቆዳው ለፀሐይ ይጋለጣል፣ ነጭ በሆነው ቦታ ላይ ደግሞ በፀሐይ ሊቃጠል ይችላል። ሲበቅልም ብዙ ጊዜ የታችኛው ቀድሞ ይመጣና ከበፊቱ ይልቅ የሚቋጠር ፀጉር ይሆናል። ውሻውን የሚያፍነው ረግፎ ሳይወጣ ከውስጥ ተጣብቆ የቀረው የታችኛው ፀጉር ነው። እሱን አውጥታችሁ ስትጨርሱ አየር ቆዳው ድረስ ይገባል፣ ፀሐዩንም የላይኛው ይከላከልለታል።

አብዛኛው ሰው የሚቦርሸው ላይ ላዩን ነው። ውሻው ያብረቀርቃል፣ ከሥር ግን ደድሯል። እንዲህ አድርጊ፤ በጎኑ አስተኚው። በግራ እጅሽ ፀጉሩን ወደ ላይ ግልጥ አድርገሽ ያዢ፣ ቆዳው ቀጭን መስመር ሆኖ እስኪታይሽ። ከመስመሩ ላይ ትንሽ ትንሽ ፀጉር ወደ ታች እየለቀቅሽ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቦርሺ፣ ከዚያ መስመሩን አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርጊ፣ እንደዚያው ቀጥዪ። ስትጨርሺ የብረት ማበጠሪያ ከቆዳው ጀምሮ አስገቢ። ሳይያዝ ከወጣ ያ ቦታ አልቋል፣ ከተያዘ አላለቀም። ጊዜ ይወስዳል። በአንድ ቀን ሁሉንም አትሞክሪ፣ ዛሬ አንድ ጎን፣ ነገ ሌላው፣ ውሻውም እንዳይሰለቸው።

ቋጠሮ የሚወዳቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፣ ከጆሮ ኋላ፣ ብብቱ ሥር፣ የአንገት ማሰሪያው የሚፈጋበት፣ ጭኑ መሀል፣ ከኋላ እግሩ ላይ ያለው ረጅሙ ፀጉር። እነዚህን በየቀኑ በእጅሽ ዳብሺ፣ ሌላው ገላ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይበቃዋል። ያገኘሽውን ቋጠሮ ሥሩን በጣትሽ ጨብጠሽ ያዢ፣ ቆዳው እንዳይሳብ፣ ከዚያ ከጫፉ ጀምረሽ በትንሽ በትንሹ ፍቺ። መቀስ እንዳታስገቢ! ቆዳው ከቋጠሮው ጋር ተስቦ ይነሳል፣ ፀጉር የቆረጥሽ መስሎሽ ቆዳ ትቆርጫለሽ፣ በዚህ ምክንያት ጆሯቸው ሥር ተሰፍተው የሚመጡ ውሾች አይቻለሁ። ያልፈታሽውን ሳትፈቺ ደግሞ አታጥቢው፣ ውሃ ቋጠሮን ያጠብቃል። ፈጽሞ የደደረ ከሆነ ባለሙያ በማሽን ያንሳልሽ፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ።

መዳፉ ሥር በጣቶቹ መሀል ያለውንና ፊንጢጣው ዙሪያ ያለውን ማሳጠር ግን ጥሩ ነው፣ ቆሻሻ አይዝም። ርግፈቱን በተመለከተ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ለጥቂት ሳምንታት ይብሳል፣ ያን ጊዜ በየቀኑ ነው መቦረሽ። ዓመቱን ሙሉ ፀጉር የማይረግፍበት ቤት ግን ከዚህ ውሻ ጋር አይኖርሽም፣ ይሄን ለባለቤትሽ ከአሁኑ ንገሪው።

ባለ ሺፕዶግ

ከላይ የተባለው ለኮሊ ልክ ነው። ለሁሉም ረጅም ፀጉር ያለው ውሻ ሕግ ሲሆን ግን አልስማማም። እኔ ያለኝ ኦልድ ኢንግሊሽ ሺፕዶግ ነው፣ ዓይኑ ጭምር በፀጉር የሚሸፈነው፣ 40 ኪሎ ነው። የእሱን ፀጉር በሙሉ ርዝመቱ መያዝ በየሳምንቱ የብዙ ሰዓት ሥራ ነው። የሚቦርሹት እናቴ ነበሩ፣ ጣታቸውን ሪህ ሲይዛቸው እኔ ከሥራ መልስ ልደርስበት አልቻልኩም። አሁን በየሁለት ወሩ አካባቢ ባለሙያ ያሳጥረዋል፣ ቆዳው ድረስ ሳይሆን ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር እየተወ። ውሻው ደስተኛ ነው፣ ቆዳው ንጹሕ ነው፣ መዥገር ቢገባበት ይታያል። ቆንጆ ሆኖ ከሥር ከደደረና ቆዳው ከቆሰለ ውሻ ያጠረ ውሻ ይሻላል።

ስለ ሌላው ኑሮ ትንሽ ልበል። እርጥብ ውሻ ማለት እርጥብ ቤት ማለት ነው። በር ላይ ፎጣ አስቀምጡ፣ እግሩን አንድ በአንድ መስጠት ይማራል፣ ከለመደው ራሱ ቆሞ ይጠብቃችኋል። ውሃ ሲጠጣ ጢሙ ይዞት ይሄድና በየወለሉ ያንጠባጥባል፣ ሰው እንዳያንሸራትት። የእኔው ደግሞ ተረከዝ አይነክስም፣ በትከሻው ነው የሚገፋው። ዘሩ ከብት ወደ ገበያ ሲነዳ የኖረ ነው፣ ገፍቶ ማስኬድ ያውቃል። ትንሽ ልጅ ደረጃ ላይ ቆሞ ሳለ ቢገፋውስ? እኛ ደረጃው አፍ ላይ የልጅ መከላከያ በር አድርገናል፣ ውሻውም ልጁም ብቻቸውን አያልፉም።

ማበጠሪያ

ባለ ሺፕዶግ፣ እኔም ሥራ ላይ የማደርገው እሱኑ ነው። ርዝመት ትቶ ማሳጠርና መላጨት ይለያያሉ። ኮሊ ላይ ግን ማበጠሪያ በእጅ ካለ ማሳጠሩም አያስፈልግም።

የቀንድ ከብትና የቤት እንስሳት ሐኪም

ሰላም እመቤት። ማንም ያላነሳውንና ለእርስዎ ውሻ በጣም አስፈላጊ የሆነውን ልንገርዎ። ብዙ ኮሊዎች ኤም ዲ አር 1 በሚባለው ጂን ላይ ጉድለት አለባቸው። 2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው ያገኙት። ይሄ ጂን የሚሠራው ፕሮቲን አንዳንድ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ እንዳይከማቹ መልሶ ያስወጣል። ጉድለቱ ያለበት ውሻ ላይ መድኃኒቱ ገብቶ ይቀራል። ከ10 ኮሊዎች 7 ያህሉ ጉድለት ያለበትን ጂን ከአንድ ወገን ወይም ከሁለቱም ወላጆች ይወርሳሉ። ሺፕዶግም ላይ አለ፣ በጣም ባነሰ መጠን።

በተግባር ምን ማለት ነው? ለከብትና ለበግ የሚሰጠውን አይቨርሜክቲን ሰው ለቁንጫና ለእከክ ብሎ ለውሻ ይወጋል ወይም ያውጣል። ለኮሊ ያ መጠን መርዝ ሊሆን ይችላል። ይንገዳገዳል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ራሱን ስቶ ሊሞትም ይችላል። በዚህ መድኃኒት የታከመ ከብት ወይም ፈረስ ፋንድያ በልቶ የተመረዘም አለ። ሰው ለተቅማጥ የሚወስደው ሎፐራማይድም ለእነዚህ ውሾች አደገኛ ነው። በሐኪም በትክክል ተመጥነው ለውሻ የሚሰጡ መከላከያዎች አሉ፣ ስለዚህ መከላከያ አይስጡ ማለቴ አይደለም። ለማንኛውም ሐኪም ግን መጀመሪያ ኮሊ ነው ብለው ይንገሩ። ከጉንጩ ውስጥ በጥጥ በሚወሰድ ናሙና ጂኑን መመርመርም ይቻላል።

ስለ ሙቀት። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ድረስ ነው። 41 ከደረሰ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ማለክለኩ አልቆም ካለ፣ ድዱ ደማቅ ቀይ ከሆነ፣ ለሃጩ ከወፈረ፣ ሲሄድ ከተንገዳገደ ጥላ ውስጥ አስገብተው ገላውን በቀዝቃዛ ውሃ ያርሱት፣ ያራግቡለት፣ ከዚያ ሐኪም ጋ ይውሰዱት። ማቀዝቀዙን ሳይጀምሩ መንገድ አይጀምሩ። ፀጉሩ ወፍራም ስለሆነ ውሃው ቆዳው መድረሱን በእጅዎ ያረጋግጡ፣ ሆዱ ሥርም ያፍስሱ። ከዚያ በፊት ግን ጉዞውን በማለዳና በምሽት ማድረግ ነው፣ የተዘጋ መኪና ውስጥም ለአፍታ እንኳ አይተዉት።

ልጅዎ ላይ ጥርሱ ቆዳውን ከቀደደ፣ ጭረት እንኳ ቢሆን፣ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ይጠቡና ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ውሻው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መውሰዱን የቀድሞ ባለቤቶቹ በወረቀት ይስጡዎት፣ ወረቀት ከሌለ ያስከትቡት።

የሁለት ልጆች እናት

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሐኪሙን በተለይ። የመድኃኒቱን ነገር አላውቅም ነበር፣ የቀድሞ ባለቤቶቹም አልነገሩንም፣ የክትባት ወረቀቱ ግን አለኝ። ለባለቤቴ ሁሉንም አነበብኩለት፣ መላጨቱን ትቷል፣ ቦርሹ የሱ ሥራ እንዲሆንም ተስማምተናል። አፉ ሲዘጋ ያላችሁትን ትናንት በዓይኔ አየሁት፣ ልክ እንዳላችሁት እግሩን አንስቶ ቀረ። ስሙን ጠራሁት፣ ዞረ!

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ትንሹ ልጄ እቅፍ አድርጎ አንገቱ ላይ መጠምጠም ይወዳል። ውሻው ዝም ይላል፣ ግን ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል፣ አፍንጫውን ቶሎ ቶሎ ይልሳል፣ አንዳንዴም ያዛጋል። እንቅልፉ መጥቶ ነው?

ኮሊ ወዳድ

እንቅልፍ አይደለም እህቴ፣ ተጨንቆ ነው። ፊት ማዞር፣ አፍንጫ መላስ፣ ያለ እንቅልፍ ማዛጋት፣ የዓይኑ ነጭ በጎን መታየት፣ እነዚህ ውሻ በቃኝ የሚልባቸው መንገዶች ናቸው። የእናንተው ጨዋ ስለሆነ ዝም ይላል፣ ዝምታውን ግን ፈቃድ አድርጋችሁ አትውሰዱት። አንድ ቀን ቢያጉረመርም ደግሞ አትቅጡት፤ ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያ ነው፣ በቅጣት ካስተዋችሁት ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ይሆናል። ያኔ ልጁን አንሺና ምን እንዳስቆጣው እዪ።

ለልጁ እንዲህ አስተምሪው። መጠምጠም የለም። አጠገቡ ይቀመጥና በአንድ እጁ ደረቱን ወይም ጎኑን እስከ ሦስት እየቆጠረ ያሻሸው፣ ከዚያ እጁን ያንሳ። ውሻው ተጠግቶ እጁን በአፍንጫው ከገፋ ይድገምለት፣ ተነስቶ ከሄደ ይተወው። የ4 ዓመት ልጅ ይሄን እንደ ጨዋታ ቶሎ ይይዘዋል፣ የውሻውን መልስ መጠበቁን ይወዱታል። ሲተኛና ሲበላ አይነካም። ውሻውም ልጅ የማይገባበት አንድ ጥግ ይኑረው፣ ምንጣፉን እዚያ አንጥፉለት፣ እዚያ ከሄደ ማንም አይከተለው።

ውሻው ሲያባርረው ደግሞ ልጁ ዛፍ ይሁን። ቀጥ ብሎ ይቁም፣ እጁን ደረቱ ላይ ያጣምር፣ እግሩን ይይ፣ አይጩህ። የማይሮጥ ነገር አይመለስም፣ ውሻው ትንሽ ዞሮ ይተወዋል። ውሻው በሌለበት ከትልቋ ጋር እየሳቃችሁ ብዙ ጊዜ ተለማመዱት፣ እሷ ውሻ ትሁን፣ እሱ ዛፍ። እንዲህም ሆኖ ግን ሁለቱን ብቻቸውን ክፍል ውስጥ ትተሽ አትውጪ፣ ምንም ብትተማመኚበት። ገመዱንም ትልቋ ትያዝ ካልሽ አንቺ ሁለተኛ ገመድ ያዢ፣ ብስክሌት አይቶ ሲፈተለክ የ7 ዓመት ልጅ ልትይዘው አትችልም።